የታመመ ውሻ፣ የታመመች ድመት፦ እስከ ስንት ብር?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል)

ዛሬ የምናወራው ስለ ገንዘብ ነው፤ ደግሞም ስለ ውሻና ስለ ድመት። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነሱ የሚስቅ ሰው አለ። «ሰው መድኃኒት መግዣ ባጣበት ጊዜ ለውሻ ሐኪም ቤት?» የሚልም አይጠፋም። አልከራከረውም፤ ያለው ነገር እውነት አለበት። ነገር ግን ያው ሰው ሌሊት ግቢውን የሚጠብቅለት ውሻ አለው። ልጆቹ ውሻውን በስሙ ይጠሩታል፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በር ላይ ዘሎ የሚቀበላቸው እሱ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ውሻው ምግቡን ሳይነካ ጥግ ይዞ ተኝቶ ሲገኝ ክርክሩ ሁሉ ይቀርና ቤቱ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ሐኪም ጋ ይወሰድ ወይስ ይተው? ከተወሰደስ እስከ ስንት ይከፈል?

ጥያቄውን ይበልጥ የሚያከብደው የሚነሳበት ሰዓት ነው። እንስሳው ክሊኒክ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ያቃስታል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ሐኪሙ መልስ ይጠብቃል። በዚያች ሰዓት የሚወስን ሰው ወይ ከአቅሙ በላይ «እሺ» ይላል፣ ወይ «ነገ እንመለሳለን» ብሎ አፍሮ ይወጣና በዚያው ይቀራል። ስለዚህ የዛሬው ምክራችን ይኼ ነው፦ የወጪው ጣሪያ እንስሳው ጤነኛ ሳለ፣ ቤተሰቡ ቡና ላይ ተሰብስቦ ሳለ ይወሰን። የታመመ ዕለት የሚቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ይሁን፤ ይህ ገንዘብ ለእንስሳው ምን ይገዛለታል?

በቅድሚያ ድርድር የሌለበትን ወጪ ለይተን እናውጣ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት «ለውሻ የወጣ» ተብሎ ባይመዘገብ ይሻላል። የሚወጣው ለልጆቻችሁ፣ ለጎረቤት ልጅ፣ ቆጣሪ ሊያነብ ለሚመጣው ሠራተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሚጠቅሰው ግምት በዚህ በሽታ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው ይሞታል። ወደ ሰው የሚተላለፈውም ከመቶ 99 እጅ በውሻ ነው። በበሽታው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት አሥር ሰዎች አራቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። ኢትዮጵያም በሽታው ክፉኛ ከሚያጠቃቸው አገሮች አንዷ ናት። ቫይረሱ በንክሻ ከገባ በኋላ ነርቭን ተከትሎ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ገና በመንገድ ላይ ሳለ ክትባት ይቀድመዋል። አንጎል ደርሶ ምልክት ካሳየ በኋላ ግን የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል።

ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ በዓመቱ ይደገምለታል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ሐኪሙ በክትባቱ ዓይነት እያየ ካርዱ ላይ ይጽፋል። ድመትም ትከተባለች፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቀኑ ለሚጠፋባችሁ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሉዊ ፓስተር ባረፈበት ዕለት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 28 ይውላል፤ ለእኛ በመስቀል ሰሞን ማለት ነው። የውሻችሁን ክትባት ከመስቀል ጋር ካያያዛችሁት አይረሳም።

እግረ መንገዴን፣ ሰው ከተነከሰ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብ፤ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ይኬድ። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፣ ነገር ግን መጀመሪያ ክትባቱን ይጀምር። የነከሰው ውሻ ባለቤት ያለውና ጤነኛ የሚመስል ከሆነ ቶሎ ብላችሁ አትግደሉት፤ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ። በእነዚያ ቀናት በሕይወትና በጤና ከቆየ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ግን ያን ውጤት እስኪያይ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። አስቀድሞ ያልተከተበ ውሻ ጠባዩ ተለውጦ፣ ለሃጩ እየተዝረከረከ፣ ያገኘውን ሁሉ መንከስ ከጀመረ ደግሞ ለሕክምናው አንድ ሳንቲም አይወጣም። የሚጠራው የእንስሳት ሐኪም ወይም የወረዳው ባለሙያ ነው፤ እናንተ አትንኩት።

አሁን ወደ ቡችሎች። መንገድ ዳር በካርቶን ተይዘው የሚሸጡትን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ልጅ ያለቅሳል፣ አባት መኪናውን ያቆማል፣ ተከራክሮ ይገዛል። በሳምንቱ ቡችላው ያስታውካል፣ ደም የቀላቀለ፣ ሽታው የሚያስመርር ተቅማጥ ይይዘዋል። ይህ ብዙውን ጊዜ ፓርቮ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ነው። ሕክምና ካላገኙት አብዛኞቹ ይሞታሉ። ሕክምናው ደግሞ ቀናት ይፈጃል፦ ግሉኮስ፣ ማስታወክ የሚያቆም መርፌ፣ ሌላ ጀርም እንዳይደረብበት የሚሰጥ መድኃኒት። ቡችላው የተገዛበት ዋጋ ከዚህ ሒሳብ አጠገብ ሲቀመጥ ትንሽ ነው። ስለዚህ ቡችላ ስትገዙ «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ተከትቧል ወይ? ካርዱ የታለ?» በሉ። የፓርቮ ክትባት ከስድስት ወይም ከስምንት ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ እየተደገመ 16 ሳምንት እስኪሞላው ይሰጣል። አንዴ ተወግቶ የቀረ ቡችላ ተከተበ አይባልም። ከእናቱ ወተት ያገኘው መከላከያ ገና በደሙ ውስጥ ስላለ የመጀመሪያውን ክትባት ሊያከሽፈው ይችላል፤ የሚደጋገመውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የባሰ ስሕተት የሚፈጸመው ደግሞ ቡችላው ከሞተ በኋላ ነው። ልጆቹ እንዳያዝኑ ተብሎ በሳምንቱ ሌላ ያልተከተበ ቡችላ ወደዚያው ግቢ ይገባል። የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ሁለተኛውም ይሞታል፤ ሰዉም «ይህ ግቢ ውሻ አይወድም» ይላል። ግቢው ምንም አላደረገም። ሲሚንቶውንና የምግብ ሳህኑን መጀመሪያ በሳሙና አጥባችሁ፣ ቀጥሎ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ አርጥቡት፤ ለአሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ። አፈሩን ግን በረኪና አያጸዳውም። የሚቀጥለው ውሻ ሙሉ ክትባቱን የጨረሰ ይሁን።

ሴት ውሻ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የማታረቡ ከሆነ ገና ጤነኛ ሳለች ማምከን ከሁሉ የሚያዋጣ ወጪ ነው። ያልመከነች ሴት ውሻ ዕድሜዋ ሲገፋ፣ በተለይ ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ካለፈ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ማህፀኗ መግል ሊቋጥር ይችላል። ውኃ አብዝታ ትጠጣለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ አንዳንዷ መግሉን ታፈስሳለች፤ ሌላዋ ምንም ሳታፈስስ ሆዷ ብቻ ይነፋል፣ የዚችኛዋ ይበልጥ ያሰጋል። ያኔ የሚደረገው ቀዶ ጥገና ማህፀን ማውጣት ያው ነው። ልዩነቱ፣ የታመመች ውሻ ላይ በድንገት፣ ምናልባትም በሌሊት፣ በብዙ እጥፍ ዋጋና በብዙ እጥፍ አደጋ መሠራቱ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ወደ ጣሪያው እንምጣ። ዋጋ ከክሊኒክ ክሊኒክ ስለሚለያይና በየጊዜው ስለሚጨምር የብር ቁጥር አልነግራችሁም። አወሳሰኑን ግን እናያለን። ለምሳሌ አንድ ቤተሰብ በወር 300 ብር ለብቻው ቢያስቀምጥ በዓመት 3,600፣ በሦስት ዓመት 10,800 ብር ይሆናል። ውሻው ሦስት ዓመት ሳይታመም ከኖረ ያ ገንዘብ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ጣሪያውም ከዚህ ይነሳል፦ ያጠራቀምነው፣ ሲደመር ቤቱን ሳያናጋ ልንጨምር የምንችለው። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ የእናት የደም ግፊት መድኃኒት ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው። «ከዚህ በላይ አንችልም» ያለ ቤተሰብ ጨካኝ አይደለም። እኔ ጭካኔ የምለው ሌላ ነው፤ ሳይወስኑ እንስሳውን ግቢ ጥግ ላይ ለሳምንታት እያዩ ማለፍ ነው።

ስትወስኑም ዘበኛውን ወይም የቤት ሠራተኛዋን ጥሩ። ውሻውን የሚመግቡት እነሱ ናቸው፣ መታመሙንም መጀመሪያ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ብዙ ግቢ ውስጥ ዘበኛው ውሻው ከታመመ በሦስተኛው ቀን ነው የሚናገረው፤ ዝም የሚለውም ወጪ ያመጣሁ እባላለሁ ብሎ ፈርቶ ነው። «ያየኸውን በዚያው ዕለት ንገረኝ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ምንም አታስከፍልም፤ የምታድነው ገንዘብ ግን ቀላል አይደለም።

ከውጭ አገር የሚደውሉ ልጆችስ? ይህም የዘመናችን ጉዳይ ነው። ቨርጂኒያ ያለችው ልጅ ቡችላ ሆኖ ያሳደገችው ውሻ መታመሙን በቪዲዮ ታይና «ገንዘቡን እልካለሁ፣ ብቻ አድኑልኝ» ትላለች። አሳቧ ቅን ነው፤ ገንዘቧም ጥሩ ነው። ሆኖም ሌሊት ሲያቃስት የሚሰሙት እዚህ ያሉት ናቸው፤ ስለዚህ የመጨረሻው ቃል የእነሱ ሊሆን ይገባል። እዚያው አሜሪካ ውሻ ወይም ድመት ያላችሁ አድማጮች ደግሞ የእናንተ ሒሳብ ሌላ መሆኑን ታውቁታላችሁ። ድንገተኛ ክፍል ገና ሲገባ ቀብድ ይጠየቃል፣ አንድ የጉልበት ጅማት ቀዶ ጥገና በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። የእንስሳት ኢንሹራንስ እዚያ አለ፤ ነገር ግን ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር አንብቡ። አንደኛ፣ አስቀድሞ የነበረን በሽታ በአብዛኛው አይሸፍንም፤ ስለዚህ ጥቅሙ እንስሳው ወጣትና ጤነኛ ሳለ ሲገባ ነው። ሁለተኛ፣ በአብዛኛው መጀመሪያ እናንተ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ፣ ድርጅቱ ኋላ ይተካላችኋል፤ ስለዚህ ኢንሹራንስ ያለውም ሰው በእጁ ጥሬ ገንዘብ ያስፈልገዋል።

አሁን ክሊኒኩ ውስጥ እንግባ። አንድ ሁኔታ በዓይነ ኅሊናችን እንሣል። አንድ አዛውንት የዘጠኝ ዓመት ጀርመን ሼፐርዳቸውን ይዘው መጥተዋል። ውሻው ከትናንት ጀምሮ ደክሟል፣ ሆዱ ወደ ጎን ሰፍቷል። ሐኪሟ ከንፈሩን ገለጥ አድርጋ ድዱን በአውራ ጣቷ ተጫነችና ለቀቀች። የጤነኛ ውሻ ድድ ሮዝ ነው፤ ሲጫኑት ይነጣል፣ ሲለቁት በሁለት ሰከንድ ውስጥ ይመለሳል። የዚህኛው ሳይጫኑትም ነጭ ነው። አልትራሳውንዱ ጣፊያው ላይ ትልቅ እብጠት አሳየ፤ ሆዱ ውስጥ ደም ፈሷል።

«ዶክተር፣ እስቲ እንደ አባትሽ ቁጠሪኝና እውነቱን ንገሪኝ። ብሩን ብከፍል ይድናል?»

«ጋሼ፣ ቀዶ ጥገናውን ሊያልፍ ይችላል። እብጠቱ ክፉው ዓይነት ከሆነ ግን ከዚያ በኋላ የሚኖረው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ነው።»

«ክፉ ካልሆነስ?»

«ያኔ ይድናል። ሳይከፈትና ሳይመረመር ግን አይታወቅም። እንዲህ ያለ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ክፉ ሆኖ ነው የሚገኘው።»

«አንቺ ብትሆኚስ?»

«እኔ ብሆን መጀመሪያ ደረቱን ራጅ አነሳዋለሁ። ሳንባው ጋ ደርሶ ከታየ ቀዶ ጥገናውን አላስደርገውም፤ አላንገላታውም ማለቴ ነው። ሳንባው ንጹሕ ከሆነ ያኔ እርስዎ ያስቡበት።»

እዚህ ንግግር ውስጥ የዛሬው ትምህርት ግማሹ አለ። አዛውንቱ የጠየቁት ዋጋውን ሳይሆን ገንዘቡ ምን እንደሚገዛ ነው። ሐኪሟም «ይድናል» ወይም «አይድንም» ብላ አላለፈችም፤ ዕድሉን በቁጥር ነገረቻቸው። ከሁሉ የበለጠው ግን ያቺ ራጅ ናት። ትንሽ ዋጋ ያላት ምርመራ ትልቁን ወጪ ትወስናለች። ምርመራ ሲታዘዝላችሁ «ዶክተር፣ ውጤቱ እንዲህ ቢሆን ምን እናደርጋለን፣ እንዲያ ቢሆንስ?» ብላችሁ ጠይቁ። በሁለቱም መንገድ የምታደርጉት ያው አንድ ነገር ከሆነ ምርመራው ይቅርባችሁ። ዋጋውንም ስትጠይቁ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው በወረቀት ይጻፍላችሁ፤ ጣሪያችሁንም ሳትፈሩ ተናገሩ። «ይህን ያህል ነው ያለኝ፤ በዚህ የሚደረገው ከሁሉ የተሻለው ምንድን ነው?» ማለት ነውር የለውም። ጥሩ ሐኪም ይህን ሲሰማ አይቆጣም፣ እንዲያውም ሥራው ይቀልለታል። የሚቆጣ ካጋጠማችሁ ሌላ ሐኪም ፈልጉ።

አነስተኛ ዋጋ ያለው ሕክምና ሁሉ የይስሙላ ነው የሚል እምነትም አለ። ልክ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 የታተመ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት ፓርቮ የያዛቸውን 40 ውሾች ለሁለት ከፈለ። ሁሉም መጀመሪያ በደም ሥር ፈሳሽ ተሰጥቷቸው ነፍስ ከዘሩ በኋላ፣ ግማሾቹ ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ፣ የቀሩት ከቆዳ ሥር በሚሰጥ ፈሳሽና በመርፌ በተመላላሽ መልክ ታከሙ። ከተኙት ከመቶ 90፣ በተመላላሽ ከታከሙት ከመቶ 80 ያህሉ ዳኑ። ማስተኛቱ ይሻላል፣ እውነት ነው። ማስተኛት ያልቻለ ሰው ግን ከአሥር ስምንት ዕድል ያለው ሁለተኛ መንገድ አለው፤ ለዚህ መንገድ ሐኪሙን መጠየቅና የታዘዘውን ቤት ውስጥ ሰዓት ሳያዛንፉ መፈጸም ያስፈልጋል።

ገንዘብ በደንብ ውጤት የሚሰጥበት ሌላም ሕመም በከተሞቻችን በብዛት ይታያል። ሌሊት ከግቢ የሚወጡ ውሾች በግንኙነት የሚጋቡት ዕጢ ነው። ከብልታቸው ደም ይንጠባጠባል፣ አበባ ጎመን የመሰለ ሥጋ ይታያል። ባለቤቱ ሲያየው «ካንሰር ነው፣ አበቃለት» ይላል። ዕጢው ግን ቪንክሪስቲን በሚባል መርፌ፣ በሳምንት አንዴ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ተሰጥቶ በእጅጉ የሚድን ነው። ሦስተኛው መርፌ ላይ ሥጋው ሲጠፋ ያያችሁ ጊዜ ግን አታቋርጡ፤ ግማሽ ሕክምና ሙሉ ኪሳራ ነው። በተቃራኒው ዲስተምፐር የሚባለው በሽታ አንጎል ደርሶ ውሻው መንዘፍዘፍና መውደቅ ከጀመረ፣ ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት ስለሌለ፣ ትልቅ ገንዘብ ቢፈስስም ተስፋው ቀጭን ነው። አንደኛው በሽታ አስፈሪ መልክ ይዞ ይድናል፣ ሌላው አፍንጫ በሚያፈስስ ጉንፋን መሰል ነገር ጀምሮ ይገድላል። ስለዚህ በዓይን አይታችሁ አትወስኑ፤ ለመጀመሪያው ምርመራ የሚከፈለው የካርድ ገንዘብ አይሰሰትበት።

ቁጠባ መስሎ የሚያከስረውን በፍጥነት ልጥቀስ። ለድመት ፓራሲታሞል አይሰጥም፤ አንድ ፍሬ ሊገድላት ይችላል፣ ጉበቷ ሊያጣራው አይችልም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ለደከመ ቡችላ በአፉ ወተትና እንቁላል መጋት ሳንባው ውስጥ ሊገባበት ይችላል። የአይጥ መርዝ የበላ እንስሳ ሲኖር ደግሞ የመርዙን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ። አንዳንዱ መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነውና በቫይታሚን ኬ ይታከማል፣ ሌላው ፈጽሞ የተለየ ሕክምና ይፈልጋል፤ ማሸጊያው ጊዜም ገንዘብም ይቆጥባል።

ነገ የማይባልባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ወንድ ድመት ለመሽናት ደጋግሞ ቁጢጥ ብሎ ጠብታ ካልወጣው ሽንቱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ካልታከመ በሁለት በሦስት ቀን ሊሞት ይችላል። ትልቅ ውሻ ሆዱ ተነፍቶ ሊያስታውክ እየታገለ ምንም ካልወጣው ጨጓራው ተጠማዝዞ ሊሆን ይችላል፤ የሰዓታት ጉዳይ ነው። የድድ መንጣትም እንዲሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

የሰፈር ውሻስ የማን ወጪ ነው? ባለቤት የለውም፣ ሁሉም ግን ፍርፋሪ ይጥልለታል፣ ሌሊት ሲጮህ ሁሉም ይነቃለታል። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ ሲከተቡ የእብድ ውሻ በሽታ ሥርጭት ይቋረጣል። ይህም ማለት የእኔ ውሻ ተከትቦ የሰፈሩ ካልተከተበ ሥራው ግማሽ ነው። የመንደር ኮሚቴ ለጥበቃ ያዋጣል፣ ለመብራት ያዋጣል። በዓመት አንድ ቀን ለክትባት ቢያዋጣ ከእነዚያ ሁሉ የሚያንስ ገንዘብ ነው፤ ወረዳውም ዘመቻ ሲኖረው ውሾቹን አሲዞ የሚያቀርብ ነዋሪ ይፈልጋል።

የመጨረሻው ነጥባችን ከባዱ ነው። ገንዘብ ኖሮም ማቆም የሚገባበት ጊዜ ይመጣል። አሊስ ቪላሎቦስ የምትባል አሜሪካዊት የእንስሳት ካንሰር ሐኪም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2004 አንድ መመዘኛ አዘጋጅታለች፤ እኛም ቤት በእርሳስና በወረቀት ልንሠራበት እንችላለን። ሕመሙና አተነፋፈሱ፣ መብላቱ፣ ውኃ መያዙ፣ ንጽሕናው፣ ደስታው፣ መንቀሳቀሱ፣ ደግሞም ከክፉ ቀኖቹ ደህና ቀኖቹ መብዛታቸው፤ ሰባቱ ነገሮች እያንዳንዳቸው ከዜሮ እስከ አሥር ይሰጣቸዋል። ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ እንክብካቤው ይቀጥል ትላለች። ጥቅሙ፣ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ሰው ለየብቻ ሞልቶ ሲያስተያይ ይታያል። አባት 20 ሰጥቶ ልጅ 45 ከሰጠች ልዩነቱ የገንዘብ አይደለም፤ ልጅቷ የማታየውን ሌሊቱን አባት ያያል፣ ወይም ልጅቷ የምታየውን ጨዋታ አባት አላየም። ቁጭ ብለው ይነጋገሩ።

በመርፌ እንዲያርፍ ማድረግ ብዙዎቻችንን ይከብደናል። «ነፍስ ማጥፋት ነው፣ በእግዜር ሥራ አልገባም» የሚል ሰው አለ፤ ክብር ይገባዋል። እንዲህ ላለ ሰው የቀረው መንገድ ሕመም ማስታገሻ ነው፦ በሐኪም መጠን የታዘዘ መድኃኒት፣ ለስላሳ ምኝታ፣ ንጹሕ ውኃ። ይህም ወጪ አለውና ከጣሪያው ውስጥ ይቆጠር። አስቸጋሪው ሰው ግን ሌላው ነው። «እኔ አልገድለውም» ይልና ያረጀውን ውሻ በመኪና ጭኖ ከከተማ ዳር፣ ወይም ከማያውቀው ሰፈር አውርዶ ይመለሳል። አሥር ዓመት አንድ በር ሲጠብቅ የኖረ ውሻ በሌላ ሰፈር ውሾች ተነክሶ፣ ተርቦ፣ መኪና ገጭቶት ይሞታል። ይህ ምሕረት አይደለም፣ ቁጠባም አይደለም። መርፌው በሐኪም እጅ ሲሰጥ መጀመሪያ ያረጋጉታል፣ ቀጥሎ ከመጠን ያለፈ ማደንዘዣ ይሰጡታል፤ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ልቡ ይቆማል። በግሌ ስጠየቅ የምመርጠው ይኼኛውን ነው፤ ልጆችም ትንሽ ከፍ ካሉ እውነቱ ይነገራቸው፣ «ጠፋ» አይባሉ። ጠፋ የተባለ ልጅ ለወራት በር በሩን ያያል።

እንግዲህ አድማጮቻችን፣ ሬዲዮኑን ስታጠፉ የውሻችሁን ወይም የድመታችሁን የክትባት ካርድ ከመሳቢያ አውጡና የመጨረሻውን ቀን ተመልከቱ። ሐኪሙ የጻፈው ቀን ካለፈ፣ ወይም ካርዱ ጭራሽ ከሌለ፣ በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ይዛችሁ ሂዱ፤ በዚያው የክሊኒኩን የሌሊት ስልክ ቁጥር ተቀብላችሁ ከካርዱ ጀርባ ጻፉ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)